የእሌኒ ስምና ታሪኩ

(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)

ባለፈው ዓመት በአንኮበር የእኅቴ ልጅ ክርስትና ተነሣች። ሴት ልጅ ናትና በ80 ቀኗ ተጠምቃ፥ ድግሱ ቀርቦ፥ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ሳለ አባቷ፥ «ልጃችንን እሌኒ ብለናታል» ሲል ተናገረ። በመደቡ ላይ ተቀምጠው የነበሩት አያቴ የምንኵስና ቆባቸውን አስተካከሉና፥ «ትርጓሜው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

አባትየው፥ «የንግሥት ስም ነው፥ እማሆይ» አላቸው።

«እርሱን አልጠየቅሁህም» አሉ አያቴ። «የእኔን ስም ስትጠራው ነገር አለው፤ የእናትህም ስም ነገር አለው። ይህኛውን ግን ብጠራው ምንም አይነግረኝም።»

ከተጋበዙት ካህናት አንደኛው ጣልቃ ገብተው፥ ስሙ መስቀሉን ከተቀበረበት ያስወጣችው የቅድስት እሌኒ ስም መሆኑን አስረዱ። አያቴም፥ «እርሷንማ አውቃታለሁ፤ በየዓመቱ ደመራ የምንደምረው በእርሷ አይደለም ወይ? ነገር ግን እርሷ የሮም ንግሥት ናት። ከአንኮበርና ከደብረ ብርሃን ጋር ምን አገናኛት?» አሉና ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «አንተ በሬዲዮ የምትናገር፥ እስቲ ንገረን፥ ልጄ» አሉኝ።

በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና የማያጠግብ ነበረ። ጥያቄው ግን ከልቤ ስላልወጣ፥ ከመጻሕፍት ያገኘሁትን ሰብስቤ ዛሬ ለአያቴም ለእናንተም አቀርባለሁ። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን፥ የበዓላቱ ወርና ቀን ግን የእኛው መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

አያቴ ትርጓሜ መጠየቃቸው የሚያስደንቅ አይደለም። በአማርኛ የሰው ስም ብዙ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ወላጅ ልጁን ሲሰይም ምስጋናውን፥ ኀዘኑን፥ ምኞቱን፥ ወይም በዚያ ዘመን ያየውን ነገር በአንዲት ቃል ጠቅልሎ ለልጁ ያሸክማታል። ለዚህም ምሳሌ ፍለጋ ከአንኮበር መውጣት አያስፈልገንም። ከ1813 እስከ 1847 ሸዋን የገዙት የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ዘነበወርቅ ይባሉ ነበር፤ ስሙን የሰማ ሁሉ በዚያ ቤት ወርቅ የዘነበ ያህል ደስታ እንደ ነበረ ይረዳል። የንጉሡ ባለቤት ስም በዛብሽ ነበረ፤ የበዛው በረከት ይሁን መከራ፥ ምስጢሩ ስሙን ካወጣው ሰው ጋር ነው። በ1844 በአንጎለላ የተወለዱት የዳግማዊ ምኒልክ እናት ደግሞ እጅጋየሁ ይባሉ ነበር፤ ይህም «እጅግ አየሁ» ማለት ነው። ብዙ ያየ ሰው ያወጣው ስም እንደ ሆነ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከዚህም በላይ በአገራችን ለአንድ ሰው አንድ ስም ብቻ አይበቃም። ከዓለም ስም ሌላ በጥምቀት ጊዜ የሚሰጥ የክርስትና ስም አለ። ለምሳሌ ያህል ከ1916 እስከ 1930 የነገሡት ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ የክርስትና ስማቸው አስካለ ማርያም ነበረ፤ ትርጓሜውም የማርያም የወይን ዘለላ ማለት ነው። በቀድሞው ዘመን ደግሞ ነገሥታቱና ንግሥታቱ በማዕርግ ጊዜ ሌላ የመንግሥት ስም ይቀበሉ ነበር። እንግዲህ ስም ሰው በሚሻገረው ደጃፍ ሁሉ የሚቀበለው ልብስ ነው ማለት ይቻላል። እሌኒ የሚለው ስም ግን በአማርኛም ሆነ በግዕዝ ቢፈቱት አይፈታም። ቊልፉ ያለው በሌላ አገር ነውና።

ስሙ የተወለደው በግሪክ አገር ነው። ከሁሉ አስቀድማ በዚህ ስም የታወቀችው ሆሜር የተባለው ባለቅኔ በኢልያዳ ድርሰቱ ያነሣት፥ የስፓርታው ንጉሥ የምኔላዎስ ሚስት ናት። የትሮያው ልዑል ፓሪስ ወደ አገሩ ይዟት ስለ ሄደ ግሪኮች ባሕር ተሻግረው 10 ዓመት እንደ ተዋጉ በአፈ ታሪካቸው ይተረካል። ስለዚህም ጥንታውያን ግሪኮች ራሳቸው እንደ አያቴ የስሙን ትርጓሜ ሲጠይቁ፥ የትራጀዲ ደራሲው ኤስኪሎስ በ458 ከክርስቶስ ልደት በፊት ባቀረበው ቲያትር ስሟን «ማጥፋት» ከሚለው የግሪክ ቃል ጋር አዛምዶ መርከብ አጥፊ፥ ሰው አጥፊ፥ ከተማ አጥፊ የሚል ፍች ሰጠው። ይህ ግን የባለቅኔ ፍች ነው እንጂ የሰዋስው ሊቅ ፍች አይደለም።

በግሪክኛ ቋንቋ «ሄሌኔ» የሚለው ቃል የሰው ስም ብቻ ሳይሆን ችቦ ማለትም ነበረ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ስሙን «ብርሃን፥ ችቦ» ብለው ይፈቱታል። በ1ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሮማዊው ሊቅ ፕሊንዮስ እንደሚነግረን፥ በማዕበል ጊዜ በመርከብ ምሰሶ ጫፍ ላይ የሚታየውን ነጠላ ብርሃን መርከበኞች በዚህችው ሴት ስም ይጠሩት ነበር፤ ሁለት ብርሃን ሆኖ ሲታያቸው ግን የመንታ ወንድሞቿ ነው ብለው ደስ ይላቸው ነበር። ሌሎች ደግሞ ስሙን ጨረቃ ከሚለው «ሴሌኔ» ከሚባለው የግሪክ ቃል ጋር ያዛምዱታል። በስፓርታ በቁፋሮ የተገኙ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተጻፉ ጽሑፎች ግን ስሙን በፊቱ የ«ወ» ድምፅ ጨምረው «ወሌና» ብለው ስለ ጻፉት፥ ከጨረቃ ጋር ያለው ዝምድና ከድምፅ መመሳሰል የመጣ መሆኑ ታውቋል። ሆነም ቀረ፥ ግሪኮቹ ችቦ ያሉት ስም እኛ አገር መጥቶ በመስቀል ዋዜማ ችቦ የሚለኰስባት ቅድስት ስም መሆኑ ደስ የሚያሰኝ ግጥምጥሞሽ ነው።

አሁን ወደ ታሪክ እንግባ። ይህን ስም የያዙት ሴቶች ከአንድ በላይ በሆነ ጊዜ አንድ ዓይነት ዕጣ ገጥሟቸዋል፤ ይኸውም ከተወለዱበት ሃይማኖት ወጥተው ሌላ መቀበልና የተቀበላቸውን ሕዝብ በጭንቅ ቀን መርዳት ነው።

የመጀመሪያይቱ በ1ኛው መቶ ዓመት በዛሬው ሰሜን ኢራቅ የነበረችው የአድያቤኔ መንግሥት ንግሥት ሄሌና ናት። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፍ እንደ ጻፈው፥ ይህች ንግሥት የአይሁድን ሃይማኖት ተቀብላ ወደ ኢየሩሳሌም በሄደች ጊዜ በከተማይቱ ረኃብ ጸንቶ አገኘች። እርሷም ባለሟሎቿን ልካ ከእስክንድርያ እህል፥ ከቆጵሮስም የደረቀ በለስ አስገዝታ ለችግረኞች አካፈለች። የባዕድ አገር ሴት ስትሆን በኢየሩሳሌም ስሟ ሲመሰገን ኖረ።

ሁለተኛይቱ በዓለም ሁሉ የታወቀችው የንጉሥ ቈስጠንጢኖስ እናት ናት። የትውልድ ወገኗ ዝቅ ያለ ነበረ። የሚላኑ ጳጳስ አምብሮስዮስ እንግዶች በሚያድሩበት ቤት ታገለግል እንደ ነበር ጽፏል። ቈስጠንጢኖስን የወለደችለት የጦር አለቃ በማዕርግ ከፍ ባለ ጊዜ እርሷን ትቶ የንጉሥ ቤተ ሰብ አገባ። ልጇ ሲነግሥ ግን አውጉስታ የሚል የንግሥትነት ማዕርግ ሰጣት። ዕድሜዋ ወደ 80 በተጠጋ ጊዜ፥ በ326 እና በ328 መካከል፥ ወደ ቅድስት አገር ተጓዘች። በዘመኑ የነበረው ታሪክ ጸሐፊ አውሳብዮስ በቤተ ልሔምና በደብረ ዘይት ስላሠራቻቸው አብያተ ክርስቲያናት ይተርካል። መስቀሉን እርሷ እንዳገኘችው የሚናገረው ትረካ ደግሞ በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፥ በ395 አምብሮስዮስ ባሰማው ንግግር ተጽፎ ይገኛል።

በአገራችን የሚነገረውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ኪራኮስ የተባለው ሽማግሌ ነገራት፤ እርሷም ደመራ አስደምራ ዕጣን ጨምራ አቃጠለች፤ ጢሱ ወደ ሰማይ ወጥቶ ተመልሶ በመሬት ላይ ሰገደ፤ ቁፋሮውም መስከረም 17 ቀን ተጀምሮ መጋቢት 10 ቀን መስቀሉ ተገኘ። ይህ የመስቀል በዓላችን በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ስሙ ወደ እኛ በምን መንገድ እንደ መጣ የሚመሰክርልን የራሱ ድምፅ ነው። ሮማውያን «ሄሌና»፥ ዐረቦች «ሂላና» ሲሉ በመጀመሪያው «ሀ» በመጨረሻውም «ና» የሚል ድምፅ ያሰማሉ። ግሪኮች ግን ከጊዜ በኋላ የመጀመሪያውን የ«ሀ» ድምፅ ጥለው፥ የመጨረሻውንም ፊደል እንደ «ኢ» ስላነበቡት ስሙን «ኤሌኒ» አሉት፤ ዛሬም እንዲሁ ይሉታል። ግዕዙም «እሌኒ» ይላል። ከሩቅ መጥቶ ወደ ቤታችን የገባ ሰው በእግሩ ላይ ያለው አቧራ የመጣበትን መንገድ እንደሚናገርበት ሁሉ፥ ይህም ስም የግሪክ ክርስቲያኖችን አነጋገር ይዞ እንደ ገባ በድምፁ ይታወቃል።

በሌላው ዓለም ስሙ እንደየአገሩ ቋንቋ ልብሱን ለውጧል። ጣልያኖችና እስፓኞች ኤሌና፥ ፈረንሳዮች ኤሌን፥ እንግሊዞች ሄለን ወይም ኤለን፥ ሩሲያውያን የሌና፥ ዩክሬናውያን ኦሌና፥ ሀንጋሮች ኢሎና፥ ጆርጂያውያን ኤሌኔ ይሉታል። ፖርቱጋላውያን በ1502 ያገኟት፥ ኋላም ናፖሌዎን ታስሮ በ1821 የሞተባት ደሴት ቅድስት ሄሌና ተብላ ትጠራለች። ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በደብረ ብርሃን በአንድ ክፍል ውስጥ ሄለንና እሌኒ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ፥ እርስ በርሳቸው ሞክሼ መሆናቸውን ላያውቁ ይችላሉ። አንደኛዋ ስሙን ያገኘችው በእንግሊዝኛ በኩል ነው፤ ሁለተኛዋ ግን ከጥንት ጀምሮ በቤተ ክርስቲያናችን ከኖረው ነው።

ሦስተኛይቱን ለመጥቀስ ወደ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን ጥንታዊ አገር፥ ወደ ኪየቭ እንሂድ። ኦልጋ የተባለችው የኪየቭ ገዥ ባሏ ኢጎር በ945 ከተገደለ በኋላ ሕፃን ስለ ነበረው ልጇ አገር አስተዳደረች። አረማዊት ስትሆን በ10ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወደ ቊስጥንጥንያ ሄዳ ተጠመቀች፤ በጥምቀትም የተሰጣት ስም ሄሌና ነበረ። ክርስቲያን የሆነች እንግዳ ንግሥት በቈስጠንጢኖስ እናት ስም መጠራቷ እንደ ልማድ የሚታይ ነበረና። አድማጮቼ ይህን ነገር ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ፤ 500 ዓመት ያህል ቆይቶ በእኛው ሸዋ ይህን የመሰለ ነገር ሆኗልና።

እነሆ፥ ለአያቴ ጥያቄ የሚገባው መልስ ያለው ከአንኮበር ወደ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ነው።

ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፥ ንጉሥ በድንኳን ከአገር አገር በሚዞርበት በዚያ ዘመን፥ ከዕድሜው የመጨረሻ 14 ዓመታት 12ቱን በደብረ ብርሃን ተቀምጦ አሳልፏል። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉ መነኰሳት በንጉሡ ፍርድ በድንጋይ ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ ብርሃን ከሰማይ ታየ፤ ንጉሡም ይህን የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብሎ በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠራና ስሙን ደብረ ብርሃን አለው። ብርሃኑን በ1456 ከታየው ከሀሌ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያገናኙ ታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። እንግዲህ የከተማይቱ ስም ሲነሣ ብርሃኑም ደሙም አብረው ይነሣሉ። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ከጌታ መስቀል የተቈረሰውን ክፍል በግሸን ያስቀመጠው ይኸው ንጉሥ ነው ይባላል።

በዚህ ንጉሥ ዘመን ቀኝ በዓልቲሐት፥ ማለት የቀኝ ንግሥት፥ የሚል ማዕርግ የነበራት ሴት እሌኒ ትባል ነበር። እርሷም የእስላም አገር የነበረው የሐድያ ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበረች። ሐድያ ለንጉሠ ነገሥቱ የሚገብር አገር ነበረ፤ ንጉሡም የገዥውን ልጅ በማግባት ወዳጅነቱን አጽንቶ ነበር። ሆኖም የገራድ መሐመድ ልጅ ማሒኮ ግብር እምቢ ብሎ በሸፈተ ጊዜ የንጉሡ ሠራዊት ዘምቶበት፥ ሲሸሽም ተይዞ ተገደለ። እንግዲህ በቤተ መንግሥቱ የምሥራች ሲነገር፥ ነጋሪትም ሲጐሰም፥ በእሌኒ በኩል የአባቷ ቤት ልቅሶ እንደ ነበረ ማሰብ ይገባል። አንዲት ሴት ሃይማኖቷን፥ ቋንቋዋንና የተወለደችበትን ስም ትታ በባሏ አገር ስትቀመጥ ይህን ያህል ዋጋ ትከፍላለች።

ቤተ መንግሥቱም የሰላም ስፍራ አልነበረም። የልዑል በእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳ በንጉሡ ላይ ከልጇ ጋር መክራለች ተብላ በንጉሡ ትእዛዝ ተገርፋ በ1462 ሞተች። ስሟ በግዕዝ «ጽዮን ሞገሷ ናት» ማለት ነበረ፤ ስሟ ግን ከግርፋት አላዳናትም። በእደ ማርያም በ1468 በነገሠ ጊዜ እናት የሌለው ልጅ ነበረና እሌኒን እንደ እናቱ አከበራት። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ይህን ሲተርክ ስለ እሌኒ የሚሰጠው ምስክርነት የሚያስደንቅ ነው። በጸሎትና በሃይማኖት የጸናች፥ ማዕድ ማሰናዳት የምታውቅ፥ መጻሕፍትን የተማረች፥ ሕግን የለየች፥ የመንግሥትንም ምክር የምታስተውል ነበረች ይላል። ከወጥ ቤት እስከ ሸንጎ ያለውን ሁሉ ያወቀች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሥታት ተፈራረቁ። በእደ ማርያም በ1478 ሞተ፤ እስክንድር ተከተለ፤ ከእርሱም በኋላ በ1494 ናዖድ ነገሠ። ናዖድ በ1508 ሲሞት ዘውዱ 12 ዓመት ገደማ ለሆነው ልጁ ለልብነ ድንግል ተላለፈ። ልጅ አገር ማስተዳደር አይችልምና በዚህ ጊዜ የመንግሥቱ ሸክም በአሮጊቷ በእሌኒ ላይ ወደቀ። ገራድ መሐመድ የወለዳት የሐድያ ልጅ ለክርስቲያን ንጉሥ ሞግዚት ሆና አገር አቀናች።

ዘመኑም የሚያስፈራ ነበረ። በምሥራቅ በኩል ከአዳል ጋር ያለው ጦርነት አልበረደም፤ የቱርኮችም ኃይል እያደገ ሄዶ በ1517 ግብፅን ያዙ። በሌላ ወገን ፖርቱጋላውያን በ1498 የአፍሪካን ደቡብ ዞረው ሕንድ ደርሰው ነበር። እሌኒ ይህን ሁሉ ከተመለከተች በኋላ በ1509 ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ በመልእክተኛነት ሾማ ለፖርቱጋል ንጉሥ ለማኑኤል ደብዳቤ ላከች። በደብዳቤውም ፖርቱጋላውያን በባሕር ቢመጡ ኢትዮጵያ በየብስ ሠራዊትና ስንቅ እንደምታቀርብ፥ ሁለቱ ቤተ መንግሥታትም በጋብቻ ቢተሳሰሩ መልካም እንደሚሆን አመለከተች።

ከደብዳቤው ጋር የላከችው ስጦታ ምን እንደ ነበረ ልንገራችሁ። ከኢየሩሳሌም የመጣላት፥ ከጌታ መስቀል የተቈረሰ ነው የተባለ እንጨት ነበራት። ከዚያ እንጨት ሁለት መስቀል አሠርታ አንዱን ለራሷ አስቀረች፤ ሁለተኛውን ወደ ፖርቱጋል ሰደደች። እንግዲህ አስቡት፤ የመጀመሪያይቱ እሌኒ መስቀሉን ከመሬት አወጣች፤ የኢትዮጵያይቱ እሌኒ ደግሞ መስቀሉን ለሁለት ሕዝቦች ኪዳን አድርጋ አካፈለች። የተሰጣትን ስም አውቃ እንደ ሠራችበት ይህ አንዱ ምልክት ነው።

መልእክተኛው ማቴዎስ ብዙ መከራ አየ። በ1512 ጎዋ፥ በ1514 ሊዝቦን ደረሰ፤ በመንገዱም ሐሰተኛ ነህ እየተባለ ተንገላታ። በመጨረሻ በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በምፅዋ በኩል ወደ አገሩ ገብቶ ጥቂት ሳይቆይ ሞተ። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 በኢትዮጵያ ተቀምጦ ያየውን ሁሉ ጻፈ፤ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ።

አልቫሬዝ በኢትዮጵያ በነበረበት ወራት ንግሥት እሌኒ አረፈች፤ ይህም በ1522 ገደማ ነበረ። እርሱ እንደሚተርከው የሕዝቡ ልቅሶ እጅግ ከባድ ነበር። ትልቁም ትንሹም እርሷ ስትሞት ሁላችንም ሞትን፥ በሕይወት ሳለች ጠባቂያችን ነበረች፥ ለሁላችንም አባትም እናትም ነበረች ይሉ ነበር። በጎጃም ያሠራችው መርጡለ ማርያምም እስከ ዛሬ ስሟን ያስጠራል።

ሰዎች ያለቀሱላት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ጊዜው ራሱ አስረዳ። እርሷ ካረፈች 7 ዓመት ገደማ ቆይቶ፥ በ1529፥ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር የልብነ ድንግልን ሠራዊት በሸዋ በሽምብራ ኵሬ ድል አደረገ፤ በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ፤ ከየወገኑም ብዙ ሰው አለቀ። በ1541 በክሪስቶቫን ዳ ጋማ የተመሩ 400 ፖርቱጋላውያን በምፅዋ በኩል ገቡ። በ1543 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ኢማሙ ሞተ፤ ዐፄ ገላውዴዎስም መንግሥቱን መለሰ። ይህች ንግሥት በ1509 ባሕር አሻግራ የዘረጋችው እጅ መልሱን ያገኘው ከ32 ዓመት በኋላ፥ እርሷ በመቃብር ሳለች ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ይህን ሁሉ ከሰበሰብሁ በኋላ ወደ አንኮበር ወጥቼ ለአያቴ አጫወትኋቸው። የግሪኮቹን ጦርነት ሲሰሙ ብዙም አልተደነቁም፤ «ለአንዲት ሴት 10 ዓመት?» ብለው ዝም አሉ። የደብረ ብርሃኑን ስነግራቸው ግን መቍጠሪያቸውን አቁመው አዳመጡኝ። በመጨረሻም፥

«የሐድያ ልጅ ናት አልህ?» አሉኝ።

«አዎን፥ እማሆይ።»

«እናቷስ ምን ብላ ትጠራት ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ዜና መዋዕሉ እርሷን የሚያነሣት በንግሥትነቷና በክርስትና ስሟ ነው እንጂ በእናቷ ቤት ስሟ እንዳይደለ ገለጽሁላቸው። አያቴም ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያስ እኛ ሰጠናት ስንል እርሷም ትታልናለች» አሉ። ቀጥለውም በዕቅፋቸው የነበረችውን ሕፃን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ፥ «እሌኒ» ብለው ጠሯት።

ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። ዘነበወርቅና እጅጋየሁ ትርጓሜያቸውን ከቃሉ ያገኛሉ፤ ስሙን ስንሰማ ወላጆቹ ያሰቡትን እናውቃለን። እሌኒ ግን በእኛ ቋንቋ ባዶ ሆኖ የመጣ ስም ነው። ትርጓሜውን የሞሉት ስሙን የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። በትሮያ ጊዜ ጥፋት ነው ተባለ፤ በአድያቤኔ ለተራበ እህል ሆነ፤ በኢየሩሳሌም መስቀል ሆነ፤ በሸዋ ደግሞ ከእስላም ቤት ተወልዳ ለክርስቲያን መንግሥት ሞግዚት የሆነች፥ ሲሞቱባት ያልሸሸች፥ ሲሾሟት ያልታበየች ብልኅ ሴት ማለት ሆነ። ስሙ ከሩቅ አገር መጣ፤ ሴትዮዋም ከሌላ ወገን መጣች፤ ዛሬ ግን ሁለቱንም የእኛ አይደሉም የሚል ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ለሴት ልጁ ይህን ስም የሚያወጣ ወላጅ ትርጓሜው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ፥ የንግሥት ስም ነው ብሎ ብቻ አይለፈው። ታሪኩን ለልጁ ያጫውታት። ልጅቱም በመስቀል ዋዜማ ችቦዋን ስትለኵስ በኢየሩሳሌም ስለ ቈፈረችው ብቻ ሳይሆን፥ በዚሁ በሸዋ ምድር ስለ ኖረችው፥ የአባቷን ቤት ትታ ለብዙዎች እናት ስለ ሆነችው ሞክሼዋ ታስብ። የስሙ የሚቀጥለው ትርጓሜ በእርሷ እጅ ነውና።